ድመቴ እንቁላል ትብላ? የድሬዳዋና የሐረር አንባቢያን ጥያቄዎች

ለእንስሳት ጤና ዓምዳችን በዚህ ወር ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት የሚጠይቁት ስለ እንቁላል ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ከኩላሊት ሕመም ጋር የተያያዘው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት የሞላው፣ 4 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ድመት አለኝ። ጎረቤቶቼ «ጥሬ እንቁላል እየሰበርሽ ስጪው፣ ጸጉሩ ያብረቀርቃል» ይሉኛል። እውነት ነው? ስንትስ ልስጠው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እንቁላል ይብላ፤ ጥሬውን ግን አይቅመስ። ለጸጉር ይበጃል እየተባለ የሚሰጠው ጥሬ እንቁላል፣ ሲዘወተር ጸጉሩን ይጎዳል። በጥሬው ነጭ ውስጥ አቪዲን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን አንቆ ይይዝና ሳይጠቅም ከሰገራ ጋር እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ባዮቲን ደግሞ ቆዳና ጸጉር የሚፈልጉት ነው። አንድ ቀን ጥሬ ነጭ የላሰ ድመት ምንም አይሆንም። ለሳምንታት በየቀኑ ሲሰጠው ግን ጸጉሩ ይሳሳል፣ ቆዳውም መቀረፍ ይጀምራል። ሙቀት አቪዲንን ስለሚያበላሸው የበሰለ ነጭ ይህ ችግር የለበትም፤ ለሆድም ይቀላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሳልሞኔላ ነው። ድመቱ ራሱ ላይታመም ይችላል፤ ባክቴሪያውን ግን በሰገራው ያወጣል። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ያለበት ቤት ከሆነ ጉዳዩ የድመቱ ብቻ አይደለም።

አቀቃቀሉ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈው «10 ደቂቃ» ለእኛ አይበቃም። ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ድሬዳዋ 12፣ ሐረር 14 ደቂቃ ያቆዩት። ለሁለት ሲሰነጥቁት አስኳሉ እንደ ዱቄት የሚፈረፈር መሆን አለበት። ነጩ ረግቶ አስኳሉ እርጥብ ከሆነ አቪዲኑ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ ሳልሞኔላው ግን አስኳሉ ውስጥ ሊተርፍ ስለሚችል ወደ ድስቱ ይመልሱት።

ጨው፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ቃሪያ፣ ምንም አይጨመርበትም። በሹካ ያድቅቁትና አንድ የሻይ ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ያፍስሱበት። ደረቅ አስኳል ላንቃ ላይ ስለሚለጠፍ፣ የሚስገበገብ ድመት ሊታነቅበት ይችላል።

መጠኑን ከካሎሪ ተነስተን እናስላው። 4 ኪሎ የሚመዝን የቤት ድመት በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል። ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ከዚህ አሥር በመቶውን፣ ማለትም 20 ካሎሪን ባያልፍ ጥሩ ነው። አንድ ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል 70 ካሎሪ ገደማ ስለሆነ የድመትዎ ድርሻ ሩቡ ነው፤ ይህም ደቅቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ገደማ ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል ሲሶው ቢሰጥ ችግር የለውም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በቂ ነው። መጀመሪያ ቀን ግን የሻይ ማንኪያ ግማሽ ብቻ ይስጡትና ሁለት ቀን ይጠብቁ። ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ ወይም ጭንቅላቱንና አንገቱን ማከክ ካበዛ እንቁላል አይስማማውም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። 12 ዓመት የሆናት ድመት አለችን፤ 3 ኪሎ ነች። ውኃ መጠጣትና መሽናት አብዝታ፣ ከስታም ስለነበር አስመረመርናት። ክሬቲኒኗ (ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) 3.4፣ ፎስፈረሷ 6.1 ነው ተባልን። ሐኪሙ «ፕሮቲንና ፎስፈረስ ቀንሱላት» አለ። እሷ ግን ከሁሉ የምትወደው የተቀቀለ እንቁላል ነው፤ አሁን አሁን ሌላውን አሽትታ ትተወዋለች። እንከልክላት? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ሙሉ በሙሉ አይከልክሏት። ነጩን ይስጧት፣ አስኳሉን ያስቀሩት።

የላኩልን ቁጥሮች በሚሊግራም በዴሲሊትር የተለኩ ናቸው ብለን እንነሳ። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፉ የአይሪስ አመዳደብ፣ ክሬቲኒኗ ከ2.9 እስከ 5.0 የሆነ ድመት ሦስተኛ ደረጃ ላይ ነች፤ ደረጃዎቹ አራት ናቸው። በዚህ ደረጃ ፎስፈረስ ከ5.0 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ የእርስዎ ድመት 6.1 ላይ ነች። አሁን ዋናው ሥራ ይህን ቁጥር ማውረድ ነው። የደከመ ኩላሊት ፎስፈረስን አጣርቶ ማስወጣት ያቅተዋል። በደም ውስጥ ሲከማች ሰውነት ሚዛኑን ለመመለስ ከአጥንት ካልሲየም ይስባል፤ ሁለቱ ተጣምረው ደግሞ እዚያው ኩላሊት ላይ እየተጋገሩ የተረፈውንም ያበላሹታል።

እንቁላልን በዚህ ዓይን ሲያዩት አንድ ቅርፊት ውስጥ ያለ ሁለት የተለያየ ምግብ ነው። የአንድ ትልቅ እንቁላል ነጭ 3.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ሲይዝ ፎስፈረሱ 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። አስኳሉ በ2.7 ግራም ፕሮቲን 66 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ግራም ፕሮቲን ስናሰላው ነጩ 1.4፣ ቀይ ሥጋ ከ9 እስከ 10፣ አስኳል ደግሞ 24 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ከነጩ የተሻለ የፕሮቲን ምንጭ በቤት ውስጥ አይገኝም። የነጩ ፕሮቲን ከሞላ ጎደል ሁሉም ለሰውነት ሥራ ላይ ስለሚውል፣ ኩላሊት ሊያጣራው የሚገባው ቆሻሻም ትንሽ ነው።

በሌላ በኩል፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ድመት ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ለአንድ ቀን የሚሰጠው ፎስፈረስ 200 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ሙሉ እንቁላል 70 ሚሊግራም ገደማ ስላለው፣ በጠዋቱ አንድ እንቁላል ከነአስኳሉ ከሰጧት ከቀኑ ሲሶውን ጨረሰች ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንቁላሉን እስኪጠነክር ይቀቅሉ፤ በጥሬው ለመለየት አይድከሙ፣ አስኳሉ ከፈረሰ ነጩን ያበላሸዋል። ጠንክሮ ከበሰለ ግን አስኳሉ ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። ነጩ ላይ የቀረውን ቢጫ በማንኪያ ጫፍ ይፋቁት። ነጩን በጣም አድቅቀው ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ጋር ይደባልቁ። ለ3 ኪሎ ድመት የቀኑ መጠን የአንድ እንቁላል ነጭ ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፋፍለው፣ ከዋናው ምግቧ ጋር ቀላቅለው እንጂ ለብቻው አይስጡ። አስኳሉን ልጆቹ ይብሉት።

ችግር የሚመጣው ነጩን አልበላም ስትል ነው። እንቁላል የምትወድ ድመት የምትወደው የአስኳሉን ሽታ ነው፤ ነጩ ለአፍንጫዋ ውኃ ማለት ነው። የሽምብራ ፍሬ የምታህል አስኳል 4 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ብቻ ስላላት እሷን ፈርፍረው ቢነሰንሱበት አይጎዳትም፤ ዋናው ከሽምብራ ወደ ባቄላ፣ ከባቄላ ወደ ግማሽ አስኳል አለመሄድ ነው። አለዚያ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ዶሮ መረቅ አንድ የሻይ ማንኪያ ያፍስሱበት። ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ሳህኑን የሞቀ ውኃ ላይ አስቀምጠው ለብ ያድርጉት፤ ሽታው የሚነሳው ያኔ ነው።

መድኃኒት ነጩ ውስጥ ደብቀው አይስጡ። የኩላሊት ሕመም ማቅለሽለሽ አለው፤ መራራ ነገር አንዴ ከቀመሰችበት እንቁላሉንም ለዘለቄታው ልትጠላው ትችላለች። በዚሁ ምክንያት አዲስ ምግብ የሚለመደው እያስመለሳት ባለበት ቀን ሳይሆን ደህና በሆነችበት ሳምንት ነው። ሐኪሙ ፎስፈረስ የሚይዝ ዱቄት፣ ለምሳሌ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ካዘዘ ጉዳዩ ይለያል፤ እሱ የሚሠራው ከምግብ ጋር አንጀት ውስጥ ሲገናኝ ስለሆነ ከምግቧ ጋር መቀላቀል አለበት፤ ግን ከዋናው ምግብ ጋር ይሁን።

«ፕሮቲን ቀንሱ» የሚለውን ምክር አብዝተው አይተርጉሙት። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ፕሮቲን ሲጎድልባት የራሷን ጡንቻ ትበላለች። ወገቧን ሲዳስሱ የጀርባ አጥንቷ እየጎላ ከመጣ ከስታለች ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅርጫት ውስጥ አድርገው በሱቅ ሚዛን ይመዝኗት። በወር ውስጥ 150 ግራም ከቀነሰች ለሐኪሙ ይንገሩት። ለኩላሊት የተዘጋጀ የድመት ምግብ ማግኘት ከቻሉ እሱ ዋናው ይሁን፣ ነጩ ተጨማሪ። ካላገኙ ሥጋውን በትንንሹ ቆራርጠው በብዙ ውኃ ቀቅለው ውኃውን ይድፉት፤ የፎስፈረሱ የተወሰነ ክፍል አብሮ ይፈሳል። ይህ ግን ጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ሙሉ ምግብ አይደለም። ምን ቫይታሚንና ማዕድን እንደሚጨመርበት የእንስሳት ሐኪም ሊያሰላልዎ ይገባል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው፣ ለሐረርም ለድሬዳዋም ሩቅ አይደለምና እዚያ ጠይቁ።

ጉበት፣ አጥንት፣ ደረቅ ዓሣና ወተት ከዛሬ ጀምሮ ይቅሩ፤ ሁሉም ፎስፈረሳቸው ብዙ ነው። «የግመል ወተት ቀላል ነው» የሚሉ አሉ፤ እሱም ላክቶስም ፎስፈረስም አለው። ውኃ ግን በጭራሽ አይከልከል። «ብዙ ስለምትጠጣ ነው የምትሸናው» ብለው ሳህን የሚያነሱ ሰዎች አሉ፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ስለምትሸና ነው የምትጠጣው። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልበላች፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ወይም ድንገት ዓይኗ ፈጦ ግድግዳ ከመታች የሐኪም ጉዳይ ነው። ከነዚህ የመጨረሻው የከፍተኛ ደም ግፊት ምልክት ነው፤ በኩላሊት ሕመም የተለመደ ነውና ግፊቷን ያስለኩላት።

ጥያቄ፦ የተረፈ እንቁላል ፍርፍር ለድመታችን እንሰጣለን። በበዓል ደግሞ የዶሮ ወጡን እንቁላል አጥቤ እሰጠዋለሁ። ችግር አለው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አለው፤ ከጥሬ እንቁላልም የባሰ። ፍርፍሩም ወጡም ሽንኩርት አለባቸው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም፣ ቢደርቁም፣ ዱቄት ቢሆኑም መርዛቸው አይለቅም። ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ገደማ ሽንኩርት አደገኛ ነው፤ የዶሮ ወጥ ቁሌት ውስጥ ይህ መጠን በጥቂት ማንኪያ ይገኛል። በትንሽ በትንሹ በየቀኑ ቢሰጠውም ጉዳቱ ይጠራቀማል።

ማጠቡም አያድንም። የዶሮ ወጥ እንቁላል ወጡ እንዲገባበት በቢላ ጫር ጫር ይደረጋል፤ ስንጥቁን ከፈት ቢያደርጉት ቁሌቱ ነጩ ውስጥ ዘልቆ ቀልቶ ያዩታል። በላዩ ላይ ቅመም ያለው ቅቤ አለ። ለድመቱ የሚሆነው ሳይጫርና ወጥ ውስጥ ሳይገባ፣ ተቀቅሎ እንደተላጠ ቀድሞ የተነሳው ነው።

ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የበላ ከሆነ ምልክቱ ገና ሊመጣ ይችላል፤ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከቀላ ወይም ቡናማ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። እንዲያስመልሰው ብለው ጨው እንዳያጠጡት፤ ጨዉ ራሱ ይመርዘዋል።

ጥያቄ፦ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭቶ ምግብ ላይ መነስነስ ለኩላሊትም ለአጥንትም ይጠቅማል ሲባል ሰማሁ። (ከሐረር)

መልስ፦ በሁለት የተለያዩ ድመቶች ላይ ሁለት የተለያየ መልስ አለው። ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቤት ውስጥ አጥንት የሌለው ሥጋ ለሚበላ ጤነኛ ድመት ካልሲየም ስለሚጎድለው፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት ይበቃል። ቅርፊቱን አጥበው 10 ደቂቃ ይቀቅሉ፣ በደንብ ያድርቁ፣ በቡና መፍጫ ወይም በንጹሕ ሙቀጫ እንደ በርበሬ ሳይሆን እንደ ጤፍ ዱቄት እስኪልም ይፍጩና በወንፊት ይንፉት። በጣት ሲያሹት የሚቆረቁር ከሆነ አንጀቱንም ይቆረቁረዋል።

ለኩላሊት ሕመምተኛ ግን በራስዎ አይጀምሩት። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ሲሰጥ ፎስፈረስ መያዙ እውነት ነው። ነገር ግን አንዳንድ የኩላሊት ሕመምተኛ ድመቶች ካልሲየማቸው ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ ሲጨመር ኩላሊቱ ላይ የሚጋገረው ይብሳል። የደም ካልሲየም ሳይለካ አይሰጥም። ካልሲትሪዮል (የቫይታሚን ዲ ዓይነት መድኃኒት) የምትወስድ ከሆነማ ሐኪሟ ሳያውቅ በጭራሽ።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ ሲገባ ቤታችን ሥጋም እንቁላልም የለም። ድመቷን ሽሮና እንጀራ እየሰጠን 55 ቀን እናሳልፍ? (ከአዲስ ከተማ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ድመቷ ጾም የለባትም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መሥራት ስለማይችል ከሥጋና ከዓሣ ማግኘት አለባት፤ ሽሮ ውስጥ የለም። ለወራት ሲጎድልባት ዓይኗ ይታወራል፣ የልብ ጡንቻዋ ይላላል። ሽሮው ደግሞ ሽንኩርት አለበት። እንቁላልም ታውሪኑ ትንሽ ስለሆነ፣ «በየቀኑ አንድ እንቁላል እየቀቀልን እንሰጣታለን» ማለት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ለእሷ ለብቻዋ የሚቀመጥ ጥቂት ሥጋ ወይም የዶሮ ልብ በየሳምንቱ ገዝታችሁ ቀቅሉላት፤ ልብ በታውሪን የበለጸገ ነው፤ የተቀቀለበትን ውኃም አብረው ይስጧት፣ ታውሪኑ ወደ ውኃው ይወጣል። (ለኩላሊት ሕመምተኛዋ ውኃውን ድፉ ያልነው ፎስፈረሱን ለማስወገድ ነው፤ ታውሪኑም አብሮ ስለሚፈስ ነው የሐኪም ስሌት ያስፈልጋል ያልነው።)

ጥያቄ፦ ጡት ያልጣሉ ሦስት ግልገሎች አገኘን። ጥሬ እንቁላል በወተት መትተን ብንሰጥስ? (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይሆንም። ከአራት ሳምንት በታች ከሆኑ የሚያስፈልጋቸው ለድመት ግልገል የተዘጋጀ ወተት ነው፤ የላም ወተት ያስቀምጣቸዋል፣ በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ በአንድ ቀን ይገድላል። አምስት ሳምንት አልፏቸው መላስ ሲጀምሩ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደንብ የበሰለና የደቀቀ እንቁላል ከደቀቀ ሥጋ ጋር መቅመስ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በዚህ ሙቀት፣ መብራትም እየጠፋ፣ እንቁላል እንዴት ይቀመጥ? ውኃ ላይ የተንሳፈፈው ተበላሽቷል ማለት ነው? (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የተንሳፈፈ እንቁላል ያረጀ ነው፤ በውስጡ ያለው አየር ስለሰፋ ነው የሚንሳፈፈው። ይጣሉት። የሰመጠው ግን ትኩስ ነው እንጂ ከሳልሞኔላ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ መቀቀሉ አይቀርም። የተሰነጠቀ አይግዙ። ጥሬውን ከማስቀመጥዎ በፊት በውኃ አይጠቡት፤ የቅርፊቱ መከላከያ ይታጠብና ቆሻሻው በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይገባል። ኩስ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፤ የተላጠና የደቀቀ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከአራት ሰዓት በላይ ከቆየ የደቀቀውን ይድፉት። ሳህን ላይ የቀረበውን ደግሞ ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ በሁለት ሰዓት፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንሱት። ከሰዓት በኋላ የድሬዳዋ ሙቀት ይህን ስለሚያልፍ እንቁላሉን በጠዋት ወይም ከመሸ በኋላ፣ በትንሽ በትንሹ ያቅርቡ፤ ሳህኑንም በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይጠቡት።